ውሃ ጠያቂዋ በዩኒቨርሲቲው በር

እኔ ሥራዬ ውሃ መጠየቅ ነበር። የከተማ ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ እኛ ዘንድ ግን የታወቀ ነገር ነው። ሴት ልጅ ለትዳር ስትጠየቅ ወገኖቿ መንገድ የለመደች አሮጊት ይመርጡና ወደ ጠያቂው ቤት ይልካሉ። አሮጊቷ ማን እንደሆነች፣ ማን እንደላካት አትናገርም። እንደ መንገደኛ ደጅ ላይ ትቆምና «ውሃ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ማየት ብቻ ነው። ውሃውን ማን አመጣው? በአንድ እጅ ሰጠ ወይስ በሁለት? እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት ወይስ አቀብሏት ሄደ? ሌላም አለ። ሰው ጣሳ አፉ ላይ ይዞ ሳለ ወሬ አይነገረውም። ሞትም ይሁን ሠርግ፣ ጣሳው እስኪወርድ ሁሉም ዝም ይላል። ይህን የሚያውቅ ቤት ነው ወይ? አሮጊቷ ጠጥታ፣ መርቃ ትመለሳለች። ሽማግሌዎቹ ይጠይቋታል፤ ልጅቷም ትሰጣለች ወይም አትሰጥም።

እግሬ ቤት አይወድም። ማንጎ ይዤ ኩርሙክ፣ ጨው ይዤ ሆሞሻ፣ ምንም ሳልይዝ ደግሞ ባምባሲ ስሄድ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ስለዚህ ሁሉም እኔን ይልክ ነበር። የስንቱን ቤት ውሃ እንደጠጣሁ አላውቅም። ውሃው ሳይጠየቅ የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም የገዛ ባሌ ቤት። የደረሰብኝን ሌላ ጊዜ ያገኘኝ ሰው ይጠይቀኝ።

ክልላችን አዲስ በሆነ ጊዜ፣ አሶሳ ውስጥ መሥሪያ ቤት እንደ እንጉዳይ ይበቅል ነበር። ትናንት ፍየል ያደረበት ቤት ዛሬ ታርጋ ተለጥፎበት «ቢሮ» ይባላል። ታርጋው አስቀድሞ ይመጣል፣ ጠረጴዛው ይከተላል፣ ሰው ግን የለም። ማንበብ የሚችል ሰው በመንገድ ሲያልፍ ከየበሩ ይጠራ ነበር። የልጅ ልጄ ማትሪክ ያለፈችው በዚያ ጊዜ ነው። ፊደል ያስተማረችኝም እሷ ናት፤ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ከኋላዋ እየተቀመጥኩ ነው የለየሁት።

እሷ እኔን ሐቦባ ነው የምትለኝ፤ በሱዳኖቹ አፍ አያት ማለት ነው። እናቷ የእኔ ልጅ ነበረች። ከሆሞሻ ወደ አሶሳ ሐኪም ፍለጋ በቃሬዛ ስንወስዳት መንገድ ላይ ቀረችብን። ስለዚያ ቀን ቤት ውስጥ አናወራም። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ሐኪም ከመሆን ሌላ ነገር አስባ አታውቅም።

ማትሪኩን ስታልፍ ሁለት ደብዳቤ መጣላት። አንዱ ከዋና ከተማው፣ ከአገሩ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። ነይ ግቢ ይላል፤ ምን እንደምትማር ግን አይናገርም። የመጀመሪያውን ዓመት ካለፈች በኋላ እነሱ ይመድቧታል። ሌላው ከሱዳን፣ ከዚያ ካለው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የሚነግደው ልጄ፣ ለሷ አጎቷ ማለት ነው፣ ውጤቷን ወስዶ አሳይቶላት ነው። ይኼኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሕክምና ትማሪያለሽ ይላል፤ በዓረብኛ። የሁለቱንም ስም አልጠራም፤ ውሃቸውን ጠጥቻለሁና።

ሁለቱም መስከረም ሳያልቅ መልስ ይፈልጉ ነበር። መልስ ካልተሰጠ ደግሞ ሦስተኛ አለ። አንድ አዲስ ቢሮ፣ ታርጋ ያለው፣ ልጅቷን ኃላፊ ሊያደርጋት ፈለገ። ገና ከትምህርት ቤት ወንበር ያልተነሳችውን ልጅ። ሁለቱ ደብዳቤዎች ካለፏት የቢሮው ወንበር ይውጣታል፤ እሷም ይህን ታውቅ ነበር። ደብዳቤዎቹን ቁርዓን በምናስቀምጥበት መደርደሪያ ላይ አድርጋ ጠዋት ጠዋት መኖራቸውን ታይ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ታላቅ ወንድሜ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ልጅ ሲጠይቅ ያዩት ያኔ ነው። ስለዚህ በሚያውቁት መንገድ ሄዱበት።

«ይኼ የአገር ቤቱ፣ የማን ልጅ ነው?» አለ ወንድሜ።

የመንግሥት ነው ተባለ።

«የትኛው መንግሥት?»

ልጅቷ፣ በንጉሡም ጊዜ ነበረ፣ በደርግም ነበረ፣ አሁንም አለ አለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ቀስ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ያገባ ነው ማለት ነው አለ። የሱዳኑስ ሲባል እንግሊዝ ሠርቶት ጥሎት የሄደ መሆኑ ተነገረ፤ ለሱ ደግሞ አባት አልባ ነው ብለው አዘኑለት። ሦስተኛውን፣ ቢሮውን፣ ማን ይጠይቀዋል፣ ራሱም ከተወለደ ወሩ ነው።

በመጨረሻ ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ ምን እናወራለን? ውሃ ይጠየቅ» አለ።

ልጅቷ ሳቀች። ሐቦባ፣ ዩኒቨርሲቲ እኮ ቤት አይደለም አለችኝ። ደጅ አለው ወይ አልኳት። አለው አለች። ደጅ ካለው ይበቃኛል አልኩ።

መጀመሪያ ኩርሙክ ወረድኩ። የሱዳኑ ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ብዙ ቀን ይርቃል፤ እስከዚያ መሄድ አልተቻለም። ሽማግሌዎቹ ግን መላ አበጁለት። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን በኩል ባለው ኩርሙክ፣ እዚያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሐኪም አለ፤ የሱ ቤት የዩኒቨርሲቲው ቤት ነው አሉ። በጭነት መኪና፣ በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። መንገዱ ጆንያውንም እኔንም እኩል ሲያነሳና ሲያፈርጥ ዋለ።

ሐኪሙ ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ኒም ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር ትልልቅ ሁለት የሸክላ ጋን፣ በብረት ማስቀመጫ ላይ ቆመው፣ ከሥራቸው ውሃ ያንጠባጥባሉ። ክዳናቸው ላይ የቆርቆሮ ጣሳ ተደፍቷል። እኔ ግን ሥራ ላይ ነኝ፤ ደጁ ላይ ቆሜ «ውሃ» አልኩ። ማንም አልወጣም። ደገምኩ። በሦስተኛው ሐኪሙ ራሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ።

«ሐጃ፣ ውሃው እዚያ አለልሽ። ማን ከለከለሽ?» አለኝ በዓረብኛ።

ማንም አልከለከለኝም፤ እንድትሰጠኝ ነው አልኩት።

«ተሰጥቷል እኮ» አለ። «ማንም ያለፈ እንዲጠጣ ነው የተቀመጠው።»

ይህን ቃል ሰምቼ ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዘመን ውሃ ስጠይቅ ውሃው ካለሰጪ ተቀምጦ የጠበቀኝ ቦታ የለም። እጅ የለ፣ አንድም ሁለትም። ቆሞ የጠበቀኝ ጋኑ ነው። እንዳይከፋው ብዬ ራሴ ቀድቼ ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነበር፤ በሕይወቴ ከጠጣሁት ሁሉ ቀዝቃዛ።

በሽተኞቹ ጥላው ሥር ተሰልፈው ስለነበር ብዙ አላቆየሁትም። ዩኒቨርሲቲውም እንደዚሁ ነው ወይ ስለው፣ በአጥሩ ሁሉ ጋን ተደርድሯል አለኝ። ልጅ ልትመጣ ነው አልኩት። ጥሩ ትማራለች አለና መነጽሩን አውርዶ ጠረገ። መመለሱ ግን መንገዱ እንደፈቀደ ነው፤ እኔ ትምህርት ጨርሼ እናቴ ጋ እስክደርስ ሁለት ክረምት ጠብቄያለሁ አለኝ። ዝናብ ይዘጋዋል፤ ዝናብ ሲከፍተው ደግሞ ወታደር ይዘጋዋል።

ከዚያ ተመልሼ፣ ሳልውል ሳላድር ማለት ይቻላል፣ ወደ ዋናው ከተማ በአውቶቡስ ወጣሁ። በነጆ በጊምቢ አድርገን ነቀምቴ ላይ አድረን፣ እንደገና ሌላ ቀን ሙሉ። ስደርስ ብርዱ የተከናነብኩትን ቶብ አልፎ ገባ። የዩኒቨርሲቲውን በር ሰው አሳየኝ። የብረት በር ነው፣ ዘንግ ዘንግ ያለው፤ በዘንጉ መሀል ወዲያ ማዶ ዛፍና ልጆች ይታያሉ። በሩ ላይ ረዘም ያለ ኮት የለበሰ ዘበኛ ቆሟል።

«ልጄ፣ ውሃ ስጪኝ» አልኩት። ያኔ አማርኛዬ ወንድና ሴት አይለይም ነበር።

ዘበኛው ፈገግ አለ። «እማማ፣ መታወቂያ አለዎት?»

«ለውሃ?»

«ለመግባት ነው።»

«አልገባም። ውሃው ይውጣ።»

ይህንን ትንሽ አሰበበት። ሲያስብ አየሁት፤ ክፉ ሰው አይደለም። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ወደ በርሜሉ ሄደ። በርሜሉ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ይርቃል፣ የቆርቆሮ ኩባያ አለው፤ ኩባያው በሰንሰለት ታስሯል። ቀድቶ ወደ እኔ መጣ፣ መጣ፣ ከዚያ ሰንሰለቱ ቀጥ አለና ክንዱ ወደ ኋላ ተሳበ። ውሃው ጫማው ላይ ፈሰሰ። መልሶ ቀዳ። ኩባያውን ባለ በሌለ ክንዱ ዘረጋው፤ እኔም በዘንጉ መሀል እጄን አስገብቼ ዘረጋሁ። በመሀላችን አንድ ክንድ ያህል ቀረ።

«ሰንሰለቱ እዚህ ድረስ አይደርስም» አለ፣ እኔ ያላየሁት ይመስል።

«ለምን ታሰረ?»

«እንዳይጠፋ።»

«ጠፍቶ ያውቃል?»

«ከታሰረ ወዲህ አያውቅም።»

ከኋላው ተማሪዎች መውጣት ፈልገው ይሰለፉ ጀመር። እሱ ግን ነገሩ እልህ አስያዘው። ከየት ነው የመጡት አለኝ። ከአሶሳ ስለው ፊቱ ተለወጠ። ለካ የቤጊ ልጅ ነው፤ ከእኛ ጎረቤት፣ ከወለጋ በኩል። «አዮ» አለኝ፤ በኦሮሞዎቹ አፍ እናቴ ማለት ነው። ቆይ ብሎ ሄዶ የገዛ ምሳ ዕቃውን ክዳን አመጣ፣ አጥቦ ቀዳበት። የበሩ ዘንግ ግን ቀጭን ክፍተት ብቻ ነው ያለው፤ ሁለት እጅ አብሮ አያሳልፍም። በአንድ እጅ ሊሰጠኝ ነው ብዬ ልቤ ሲወርድ፣ ግራ እጁን በአንደኛው ክፍተት፣ ቀኝ እጁን በሌላኛው አውጥቶ፣ በሩን እንዳቀፈ ሆኖ ክዳኑን በሁለት እጁ ያዘልኝ። ከአሶሳ ማዶ ያደገ ሰው ያውቀዋል ማለት ነው። ጠጣሁ። ጠጥቼ እስክጨርስ አልተንቀሳቀሰም። ተማሪዎቹም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ዝም ብለው ቆሙ። መረቅሁት፤ ልጅ ልትመጣ ትችላለች አልኩት። ስትመጣ እኔን ትጠይቅ አለኝ።

አሶሳ ስመለስ ማንጎው ሥር አንድ አዲስ ነገር ጠበቀኝ። የቢሮው ሰዎች ባዶ እጃቸውን መምጣት አሳፍሯቸው ወንበሩን ይዘው መጥተዋል። ኃላፊ ስትሆን የምትቀመጥበትን ራሱን። ጥቁር፣ የሚሽከረከር፣ ከነላስቲኩ። ጉባኤው መሀል አቁመውት ማንም አልደፈረም፤ በመጨረሻ ወንድሜ ለሙከራ ተቀመጠበትና በዚያው ቀረ። ሰው በተናገረ ቁጥር ወደ ተናጋሪው ይዞራል።

ያየሁትን ነገርኳቸው። ያን ያህል ክርክር ይነሳል ብዬ አልጠበቅሁም። ኩርሙክ ላይ ውሃው አለ፣ ሰጪ የለም። ከተማው ላይ ሰጪው አለ፣ ውሃው አይወጣም። አንዱ የሱዳኑ ቸርነት ነው አለ፤ ሌላው ስንፍና ነው፣ ከመስጠት ማስቀመጥ ይቀላል አለ። ዘበኛው ቆሞ ጠበቀሽ ወይ አሉኝ። ጠበቀ አልኩ። ወንድሜ ወደ እኔ ተሽከረከረ።

«እጆቹ በብረት መሀል ገብተው ወዴት ይሄዳል?»

ስለዚህ ነገር ብቻ እስከ አሱር ሶላት ተከራከሩ፤ አክብሮ ነው የቆመው ወይስ ተይዞ? ሌላው ደግሞ የቤጊ ሰው ከሆነ ዩኒቨርሲቲው የቤጊ ነው፣ ቤጊን እናውቃለን አለ። ወንድሜ ግን ቀስ በቀስ ወደ ወንበሩ አደላ። ሰው የሚማረው ኃላፊ ለመሆን አይደለም ወይ አለ። እሷ ዛሬ ኃላፊ ናት፤ ታዲያ ለምን ትማራለች? ይህንን ሲናገር ግማሽ ዙር ዞረ። የቢሮው ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ለመናገር፣ እኔንም ለአፍታ ሸነገለኝ። ወንበሩ ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ ልጅቷ ማታ ማታ ትመጣለች። ይህን ማሰቤን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ጊዜ እንስራ ይዛ ለሽማግሌዎቹ ውሃ ትቀዳ ነበር። ደጋግማ ልትናገር አፏን ትከፍታለች፣ አንዱ ውሃ ይላታል። መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ከዚያ እንስራውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ እንግዳ በሚቀመጥበት፣ ቁጭ አለች።

«ውሃ» አለች።

ማንም አልተነሳም። እውነቱን ለመናገር ጣሳው የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ወንድ እዚያ አልነበረም። እኔ ጉልበቴን ይዤ ተነሳሁና ቀዳሁላት፣ በሁለት እጄ ሰጠኋት፣ ቆምኩ።

ጣሳውን አፏ ላይ አደረገች። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ፤ ሕጉ ነውና። ወንድሜ አንድ ቃል ጀምሮ ዋጠው። እሷ ቀስ ብላ ጠጣች። ትጠጣለች፣ ታርፋለች፣ ጣሳውን ግን ከከንፈሯ አታወርድም። ያን ያህል ዝምታ ማንጎው ሥር ሰምቼ አላውቅም። ወንበሩ ሳይቀር ቆመ። ሁሉም እሷን ማየት ሲጀምር ጣሳውን አወረደች።

«አዲስ አበባ እሄዳለሁ» አለች። «የኩርሙኩ ውሃ እኔ ብኖርም ባልኖርም እዚያው አለ። የዚያኛው በር ግን ሐቦባን ያስቆማት መታወቂያ ስለሌላት ነው። እኔ ካልገባሁ ከእኛ ውስጥ ማን ይገባል? ከሱዳን የምመለሰው መንገዱ ሲፈቅድልኝ ነው። ከአዲስ አበባ ግን በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።»

«ሕክምናውን ባይሰጡሽስ?» አልኳት። ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ጣሳውን በእጇ አገላበጠችው። «ያን ጊዜ አለቅሳለሁ» አለች።

ወንድሜ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። «ይኼስ?»

«አያቴ፣ አንተ ላይ ያምራል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ሲስቁ ነገሩ አለቀ። ለአጎቷ ይቅርታ በደብዳቤ ላክን። ወንበሩን ለመውሰድ ቢሮው ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ የተላኩት ሰዎች ወንድሜን ተቀምጦበት ስላገኙት ውሃ ጠጥተው ተመልሰዋል።

በዓመቱ፣ ማንጎ ሲያልቅ፣ እንደገና ያ በር ላይ ቆምኩ። በዚያ ሰሞን ምደባ እንደሚወጣ ጽፋልኝ ነበር፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ዘበኛው አወቀኝ። «አዮ» አለና ምሳ ዕቃውን ሊያነሳ ሲል፣ ተው፣ ልጄን ጥራልኝ፣ አያትሽ ውሃ ጠይቃሻለች በላት አልኩት።

ቆየች። ስትመጣ ከሩቅ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስ እግሯን እያየች ትመጣለች፤ ሰንሰለቱ ከኩባያው ተንጠልጥሎ ክንዷ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሟል፣ የተረፈው መሬት ይጎተታል። ዘበኛው ቁልፍ ይዞ ከኋላዋ ይከተላል። ለካ ሰንሰለቱ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ የሚወጣው በፊርማ ነው፤ በፊርማ የሚሰጠው መታወቂያ ላለው ነው። ፈርማ ነው ያስወጣችው። በሩን ከፍቶላት ወጣች፤ ደጅ፣ እኔ ጋ መጣችና ሰጠችኝ።

ፊቷን አየሁት። ወሬ እንዳለ አወቅሁ፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ ግን አላወቅሁም። ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ዘግታዋለች፣ እኔ እየጠጣሁ ነውና። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ኩባያው አፌ ላይ እስካለ ድረስ መጥፎ ወሬ ሊደርስብኝ አይችልም። ቀስ ብዬ ጠጣሁ። ከዚያ ቃሬዛውን፣ የሆሞሻን መንገድ አስታወስኩና ከዚያ በላይ ቀስ ብዬ ጠጣሁ። ውሃው አለቀ። ባዶውን ኩባያ አፌ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ሰንሰለቱ ከኩባያዬ እስከ ክንዷ ይወዛወዛል።

«አዮ» አለ ዘበኛው በትህትና፣ «አልቋል እኮ። ኩባያው ይመለሳል።»

አወረድኩት።

«ሕክምና ደረሰኝ» አለች።

ኩባያውን መልሼ ዘረጋሁላት፤ ፊቴን የምሸፍንበት ነገር ፈልጌ ነው። ድገሚልኝ አልኳት። ዘበኛው አንዴ እኔን፣ አንዴ በርሜሉን አየና ለሁለተኛው ሌላ ፊርማ ያስፈልጋል አለ።

ፈረመች።